አራት ልጆች ለመመረቂያ ጥናት ይበቃሉ? ጥያቄዬና ያስከተለው ክርክር

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው፤ ጎን ለጎንም በልዩ ክፍል አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አራቱ በቃል አይናገሩም። ውሃ ሲጠማቸው፣ መጫወቻ ሲያምራቸው ወይም ከክፍል መውጣት ሲፈልጉ የሚያስረዱት በመጮህ ወይም የሰው እጅ በመጎተት ነው። ለመመረቂያ ጥናቴ ያሰብኩት፣ የሚፈልጉትን ነገር የሥዕል ካርድ አንስተው በመስጠት እንዲገልጹ ላስተምራቸውና ለውጡን ቀን በቀን ልመዘግብ ነበር። የፕሮፖዛሌ ገምጋሚዎች ግን አራት ልጅ ይዞ ጥናት የለም አሉኝ። ርዕሴን መምህራን ስለ አካቶ ትምህርት (አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል ስለሚማሩበት አሠራር) ወዳላቸው አመለካከት ቀይሬ ለሁለት መቶ ሰው መጠይቅ እንድበትን መከሩኝ። በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ጠየቅሁ፦ አራት ልጆች ይበቃሉ ወይስ ልተወው?

ሠላሳ አራት ምላሽ ተጻፈበት። ጥቂቶቹ የእኔው ናቸው። እንደ አመጣጣቸው እተርካቸዋለሁ፤ የጸሐፊዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ሐሳባቸውን ግን እንዳላዛባ ተጠንቅቄአለሁ።

የመጀመሪያውን ምላሽ የጻፉት ሰው ጨዋ ነበሩ። እርስዎ እያሉ፣ ርዕሱ ከማስተምርበት ክፍል መነሳቱን አመስግነው፣ ቁጥር ብቻውን በቂ ወይም ጎዶሎ ሊባል አይችልም አሉ። ስንት ልጅ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የጥናቱ ጥያቄ ስለሆነ መጀመሪያ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው የሚል ነበር ምክራቸው። 2ኛው በቅርቡ የተመረቀ ወጣት ነው። ከሠላሳ በታች በሆነ ናሙና ስታትስቲክስ እንደማይሠራ ተምረናል አለ። እሱ ራሱ የመምህራንን አመለካከት በመጠይቅ አጥንቶ በሦስት ወር ውስጥ ጨርሷል፤ እኔም ዓመት ሙሉ ከምንገላታ የእሱን መንገድ ብከተል እንደሚሻለኝ መከረኝ። ቅንነቱ ከጽሑፉ ያስታውቅ ነበር።

3ኛዋ እሱን ልታርም መጣች። ሠላሳ የሚባለው ቁጥር ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ እንጂ ደንብ አይደለም ብላ ስሌቱን አስቀመጠችው። ሁለት ቡድኖችን አነጻጽሮ መካከለኛ መጠን ያለውን ልዩነት፣ በተለመደው የ0.05 መለኪያ (ልዩነት ሳይኖር አለ ብሎ የመሳሳት ዕድሉ ከ5 በመቶ ሳያልፍ)፣ ልዩነቱ ካለም በ80 በመቶ የማግኘት ዕድል ለማየት በእያንዳንዱ ቡድን 64 ሰው ያስፈልጋል። ሁለት ቡድን ማለት 128 ልጅ ነው። በቃል የማይናገሩ፣ በዕድሜ፣ በእይታ፣ በመስማትና በእጅ አጠቃቀም የሚመሳሰሉ 128 ልጆች ከየት ይመጣሉ ስትል ጠየቀች። ኦቲዝም የሚል አንድ መጠሪያ ከተሰጣቸው ሁለት ልጆች አንደኛው መጽሐፍ ሲያነብ ሌላኛው ስሙ ሲጠራ ላይዞር ይችላል፤ የሁለቱ አማካይ ውጤት አንዱንም ልጅ አይመስልም። ይህን ሐሳቧን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ በገምጋሚዎቼ ፊት ሆኜ ልናገረው ፈልጌ ቃሉ የጠፋኝ ነገር ነበር።

4ኛው ምላሽ ረጅም ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የተማርኩበት እሱ ነው። ጸሐፊው በሙያው ብዙ የቆዩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። በዚህ ትምህርት ዘርፍ ልጅን ከሌላ ልጅ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር የሚያነጻጽር የጥናት ዓይነት እንዳለ አስረዱ። አካሄዱን በእኔው አራት ልጆች ላይ አድርገው አሳዩኝ። መጀመሪያ አራቱም ካርድ ሳይሰጣቸው ይታያሉ፤ ማንም ሳይገፋፋቸው በቀን ስንት ጊዜ ፍላጎታቸውን በሚገባ መንገድ እንደገለጹ ይቆጠራል። ይህ መነሻቸው ነው። የአንደኛው ልጅ ቁጥር ሲረጋ ትምህርቱ ለእሱ ብቻ ይጀመራል፤ ሦስቱ እንደ ቀድሞው እየተቆጠሩ ይቆያሉ። የእሱ መስመር በግራፉ ላይ ከፍ ብሎ የሦስቱ ባለበት ከጸና ሁለተኛው ልጅ ይጀምራል፤ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ አራተኛው። ለውጡ የመጣው ልጆቹ ስላደጉ ወይም አዲስ ረዳት መምህር ስለመጣ ቢሆን ኖሮ አራቱም ባንድ ጊዜ ይለወጡ ነበር። እያንዳንዱ የተለወጠው የራሱ ትምህርት በጀመረበት ሳምንት ከሆነ ግን ምክንያቱ ትምህርቱ ነው ለማለት ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል።

ከዚያ መስፈርቱን ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት ሥር የምርምር ማስረጃዎችን የሚመዝነው ተቋም ያወጣው መመዘኛ፣ ውጤቱ በተለያየ ጊዜ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተደግሞ እንዲታይ ይጠይቃል። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊትም ከጀመረ በኋላም ለእያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አምስት የመለኪያ ነጥብ ካለ ጥናቱ መመዘኛውን ሙሉ በሙሉ ያሟላል። ስለዚህ ሦስት ልጅ ይበቃል፤ አራተኛው መጠባበቂያ ነው። መጠባበቂያ ያሉበትን ምክንያትም ዘረዘሩ፦ ልጅ ይታመማል፣ መድኃኒት ይቀየርለታል፣ የሚጥል በሽታ ተነስቶበት ሳምንት ይቀራል፣ ቤተሰቡ ቤት ለውጦ ይሄዳል። ይህን ሳነብ ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ለመልሳቸው ምስጋና ለመጻፍ ስዘጋጅ 5ኛው ምላሽ ደረሰ።

5ኛዋ ጠያቂ ባጭሩ፣ ግን ልብ በሚነካ መንገድ፣ አራተኛው ልጅ ተራው እስኪደርስ ድረስ ምን እያደረገ ይቆያል አለች። ካርዱ እንደሚጠቅመው እያመንን ለግራፋችን ስንል መንፈግ አይሆንም ወይ? የ4ኛው ጸሐፊ በ6ኛው ምላሽ ተመልሰው ጥያቄው ተገቢ ነው አሉ። መቆየቱ በሳምንታት የሚቆጠር እንደሆነ፣ ልጁ እስከዚያው የለመደው ድጋፍ እንደማይቋረጥበት ገለጹ፤ ልጁ ራሱን የሚመታ ወይም የሚነክስ ከሆነ ግን ማቆየት ፈጽሞ እንደማይፈቀድና ሌላ ንድፍ መመረጥ እንዳለበት አስጠነቀቁ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም የሚነጋገረው እንደ ባልደረባ ነበር። 7ኛውን ምላሽ የጻፈችው ግን ተማሪም አጥኚም አይደለችም፤ እናት ናት። ልጇ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። አንድ ተመራማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ብሎ ለሁለት ወር በሳምንት ሁለት ቀን ልጇ ዘንድ ይመጣ ነበር። አብሮት ወለል ላይ ተቀምጦ ይጫወታል፣ ስሙን ይጠራዋል፣ ሲሳካለት ያጨበጭብለታል። መረጃው ሲሞላ መምጣቱን አቆመ። ልጁ ከዚያ በኋላ ሰውየው በሚመጣባቸው ቀናት በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እሷም ውጤቱን የነገራት የለም፤ ልጇ ምን ላይ እንደደረሰ፣ ምን ብትቀጥልበት እንደሚሻል አታውቅም። ሰውየው መመረቁን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። አራት ይበቃሉ ወይ የሚለውን ጥያቄዬን ስታነብ ልጇ ከአራቱ አንዱ ሆኖ እንደታያት ጽፋ አበቃች።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

8ኛው መልስ ሰጪ ግን ወዲያው ጻፈ። ተመራማሪውን የሚያውቀው አይመስልም፤ ሆኖም ለሙያው ተቆርቁሮ ነበር። ወላጅ ፈርሞ ከፈቀደ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ካጸደቀው ተመራማሪው ግዴታውን ተወጥቷል፤ ልጁ ስለናፈቀው ጥናቱ ጥፋት ነው አይባልም አለ። እናትየዋ በ9ኛው መለሰች። ወረቀቱን ያገኘችው በዓመቱ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ከሚያስፈርማቸው ሌሎች ቅጾች ጋር ተያይዞ ነው፤ አልፈርምም ብትል ልጇ ቦታውን ያጣ መስሏት ፈርማለች። ማንም አነጋግሯት አያውቅም።

10ኛው ምላሽ ለ8ኛው የተጻፈ ነበር። ጸሐፊዋ ፊርማ ብቻውን ፈቃድ እንደማይሆን ለማሳየት የዊሎውብሩክን ታሪክ አነሳች። በኒው ዮርክ ስቴተን ደሴት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው ልጆች በሚኖሩበት በዚህ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጉበት ብግነት ቫይረስ ሆን ተብሎ ለልጆች ይሰጥ ነበር። ወላጆች ፈርመዋል። ነገር ግን ተቋሙ ከልክ በላይ ተጨናንቆ መደበኛው ቅበላ በተዘጋበት ጊዜም ወደ ጥናቱ ክፍል የሚገባ ልጅ ቦታ ያገኝ ነበር። ልጁን ብቻዋን መንከባከብ ያቃታት እናት በዚያ በር ፊት ቆማ የምትፈርመው ፊርማ ነጻ ሊባል ይችላል ወይ? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር በሕግ እንዲገራ የተደረገው፣ በ1979 የቤልሞንት ሪፖርት ሰውን ማክበርን፣ መልካም ማድረግንና ፍትሕን መሠረታዊ መርሆዎች አድርጎ ያስቀመጠው እንዲህ ዓይነት በደሎች ይፋ ከወጡ በኋላ መሆኑን አስታወሰች። ፍትሕ የሚለው መርህ በተለይ የሚጠይቀው፣ ለጥናት የሚመረጡት ሰዎች ጥያቄው ስለሚመለከታቸው ነው ወይስ እምቢ ማለት ስለማይችሉ የሚል ነው።

8ኛው በ11ኛው ምላሽ ተመለሰ፤ ድምፁም ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲል የነበረው ሰው አንቺ ማለት ጀመረ። ቫይረስ መስጠትን ከሥዕል ካርድ ጋር ማወዳደር ነውር ነው፤ እንዲህ እያላችሁ ስታስፈራሩ ነው ተማሪው ከልዩ ክፍል ሸሽቶ መጠይቅ በታኝ የሆነው አለ። 12ኛው ሰው ሁለቱንም ሊያረጋጋ ሞከረ። የጉዳቱ መጠን እንደማይወዳደር ከ11ኛው ጋር ተስማማ፤ የፈቃዱ ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው ሲል 10ኛዋን ደገፈ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ ሆኖም የ11ኛውን የመጨረሻ ነጥብ ችላ ማለት አልቻልኩም። እነዚህ ልጆች ከምርምር ውጭ ሲሆኑም ይጎዳሉ፤ ያልተጠና ልጅ የሚማረው ለሌላ ልጅ በተሠራ ዘዴ ነው።

13ኛው ምላሽ ውይይቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው፤ በጎ አቅጣጫ ነበር። ጸሐፊው መስማት የተሳነው የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው። ተማሪ ሳለ በየዓመቱ ተመራማሪዎች ወፍራም መጠይቅ ይዘው ይመጡ ነበር። መጠይቁ የተጻፈው ለእሱና ለጓደኞቹ ሁለተኛ በሆነው ቋንቋ ነው፤ የመጀመሪያ ቋንቋቸው የምልክት ቋንቋ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ ከጎኑ የተቀመጠውን እያየ ምልክት ያደርጋል፤ ተመራማሪው ግን የልጁን አመለካከት ያገኘ መስሎት ይሄዳል። ከዚህ የከፋም ነበር፦ ስለ መምህራኑ አያያዝ ቃለ መጠይቅ ሲደረግ አስተርጓሚ ሆኖ የሚቀመጠው ራሱ መምህሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ቋንቋ የሚለውን ሲተረጉም የምልክት ቋንቋንም እንደሚያጠቃልል አስታውሶ፣ ጥያቄዎች በምልክት ቋንቋ በቪዲዮ ተቀርጸው እንዲቀርቡ፣ መልሱም በዚያው ቋንቋ ተቀርጾ እንዲተነተን፣ አስተርጓሚውም ከትምህርት ቤቱ ውጭ እንዲሆን መከረ። 14ኛዋ ዓይነ ስውር ናት፤ የእሱን ሐሳብ ወደ ራሷ አምጥታ ጨመረችበት። የስምምነት ቅጹ በብሬይል አልተዘጋጀም ተብሎ ርእሰ መምህሩ ጮክ ብሎ ካነበበላትና መልሷንም እሱ ከጻፈላት ምስጢር የሚባል ነገር እንዳልቀረ ተናገረች።

ከ15 እስከ 18 ያሉት ምላሾች ከጥያቄዬ ርቀው ሄዱ። አንዱ 14ኛዋ ዓይነ ስውር የሚለውን ቃል መጠቀሟ ትክክል አይደለም፣ ማየት የተሳናት መባል አለበት ብሎ ሊያርማት ሞከረ፤ እሷም ራሷን የምትጠራበትን ቃል ሌላ ሰው እንዲመርጥላት እንደማትፈልግ በቁጣ መለሰችለት። ሌላው የቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎችን ሲያገላብጥ ዘገምተኛ የሚለውን ቃል በየገጹ እንዳገኘው ጽፎ፣ ቃሉ በልጆቹ ላይ የስድብ ያህል እንደሚወድቅ ገለጸ። 18ኛው ሁለቱን አስታርቆ፣ ጥናት የሚሠራ ሰው ተሳታፊዎቹን ወይም ቤተሰቦቻቸውን በምን ልጥራችሁ ብሎ ቢጠይቅ ምን ይጎድልበታል አለ። ከሁሉም የተሻለው መልስ ይህ ይመስለኛል። 19ኛው ለመረጃ ትንተና የትኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደሚሻል ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም።

ወደ ልጆቹ የመለሰችን 20ኛዋ ናት። ለዓመታት በቃል ከማይናገሩ ልጆች ጋር ሠርታለች። ወላጅ ይፈቅዳል፤ ልጁስ አለች። ልጁ እምቢ የሚለው በአፉ ስላልሆነ እምቢታው አይመዘገብም። ፊቱን ያዞራል፣ ካርዱን ይገፋል፣ ወደ በር ይሄዳል፣ የሸሚዙን እጅጌ ይነክሳል፣ አንዳንዱም ዝም ብሎ ይደርቃል። ዝምታውን እሺታ አድርጎ የሚያነብ ተመራማሪ ብዙ ነው። ስለዚህ ጥናቱ ሳይጀመር ከእናቱ ወይም ከሚንከባከበው ሰው ጋር ተቀምጦ ይህ ልጅ ሲሰለቸው፣ ሲፈራ፣ ሲደሰት ምን ያደርጋል ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ከተጻፉት የእምቢታ ምልክቶች አንዱ ሲታይ ክፍለ ጊዜው ይቆማል፤ በተከታታይ ቀናት ከታየ ልጁ ከጥናቱ ይወጣል። ስንት ጊዜ እንደቆመም በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ይገለጻል። 21ኛው ደግፏት አንድ ነገር ጨመረ፦ ለልጁ ማቆሚያ የሚሆን ካርድ ከመጀመሪያው ቀን ይሰጠው። በካርድ መጠየቅን የምታስተምሪው ልጅ፣ ይብቃኝ የሚል ካርድ ከሌለው ግማሽ ቋንቋ ነው የሰጠሽው አለኝ። በፕሮፖዛሌ ውስጥ ካዘጋጀኋቸው ካርዶች መካከል እንዲህ ያለ አንድም አልነበረም።

22ኛው ምላሽ ማስጠንቀቂያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቃል የማይናገሩ ልጆችን እጅ ደግፎ በፊደል ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ የማድረግ ዘዴ በብዙ ቦታ ተስፋፋ። ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲጽፉ ታዩ፤ ወላጆች አለቀሱ። በኋላ ለልጁና ለደጋፊው የተለያየ ሥዕል በማሳየት ሲፈተን፣ የሚጻፈው ደጋፊው ያየው ሥዕል ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር በ1994 ዘዴው ሳይንሳዊ ድጋፍ እንደሌለው አስታወቀ። ጸሐፊው ይህን ያነሳው ደጋፊዎቹን አታላይ ለማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ እጁን የሚመራው ልጁ እንደሆነ ከልባቸው ያምኑ ነበር። ልጁን የሚወድ ሰው የሚያየው ተስፋውን ነው። ለዚህም ነው ከክፍለ ጊዜዎቹ ቢያንስ ከአምስት አንዱን፣ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊትም ከጀመረ በኋላም፣ ሌላ ሰው ለብቻው እንዲቆጥርና የሁለቱ ቆጠራ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲስማማ የሚጠየቀው። ልጁ እጁን ሰው ይዞለት ያነሳው ካርድና ራሱ አስቦ ያነሳው ተለይተው ይመዝገቡ ሲል ደመደመ።

ከዚያ 23ኛው መጣ፤ ሳያለዝብ በቀጥታ እኔኑ ተናገረኝ። ሁላችሁም ስለ ፊርማ ስትከራከሩ ጠያቂዋ የልጆቹ መምህርት መሆኗን አላያችሁም አለ። ልጇን በየቀኑ ለዚህች ሴት አሳልፋ የምትሰጥ እናት ጥናትሽን አልፈልግም ልትላት ትችላለች ወይ? ፕሮፖዛሏን ሳይሆን ሥልጣኗን ነው ማየት ያለባት ብሎ፣ በ7ኛው ምላሽ ላይ ከነበረው ሰው በምን እንደምለይ ጠየቀኝ።

ጠንከር ያለ ነበር፤ ግን እውነት ነው። በ24ኛው ምላሽ ራሴን ለመከላከል ሁለት አንቀጽ ጽፌ አጠፋሁት። ያቀረብኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ እንግዲህ እንዴት ላድርግ? በጥናቱ እንዲሳተፉ ልጠይቃቸው ያሰብኩት ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ በክፍሌ በር ላይ፣ ወረቀቱን ራሴ ይዤ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ለማንኛውም ነገር እሺ እንደምትለኝ አስቀድሜ አውቅ ነበር። ይህን ማወቄ ሊያስቆመኝ ሲገባ አበርትቶኝ ነበር።

አዛውንቱ፣ የ4ኛው ጸሐፊ፣ በ25ኛው መለሱልኝ። ፈቃዱን እኔ ሳልሆን በልጆቹ ላይ ምንም ሥልጣን የሌለው ሌላ ሰው ይጠይቅ። ወረቀቱ ተሰጥቶ በዚያው ቀን አይሰብሰብ፤ ወላጅ ቤቱ ወስዶ ያስብበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትምህርቱና ጥናቱ ይለያዩ፦ የሥዕል ካርዱን አራቱም ልጆች ያገኙታል፣ ወላጅ ቢፈቅድም ባይፈቅድም። የሚፈቀደው ወይም የሚከለከለው መረጃው በጥናቱ ውስጥ መግባቱ ብቻ ነው። ያልፈቀደች እናት ልጅ ተራ መጠበቅም አይኖርበትም፤ ወዲያው ይጀምራል። በ26ኛው ምላሽ ላይ ደግሞ ስም መቀየር ብቻውን እንደማይሰውር ተነገረኝ። አራት ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ዕድሜና ጾታ ከተጻፈ ማንም ሰው ልጁን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ለጥናቱ የማያስፈልገው ዝርዝር ሁሉ ይቅር፤ ቪዲዮም ካለ መቼ እንደሚጠፋ ቀኑ ይጻፍ።

27ኛው ምላሽ እንደገና እሳት ለኮሰ። ጸሐፊዋ 2ኛውን ወጣት እየጠቀሰች፣ ስለ መምህራን አመለካከት የሚበተኑ መጠይቆች መደርደሪያ ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የላቸውም አለች። አካቶ ትምህርትን እደግፋለሁ ከሚለው ሳጥን ላይ ምልክት የማያደርግ መምህር ማን ነው? ያው መምህር ክፍሉ ገብቶ ልጁን ጥግ ላይ ሲያስቀምጠው መጠይቁ አያየውም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው ስትል አጣጣለችው። ወጣቱ በ28ኛው ላይ ተሰምቶት መለሰ። በየትምህርት ቤቱ በእግሩ ተዘዋውሮ መረጃ እንደሰበሰበ፣ መምህራኑ በባዶ ቦታው ላይ ስለ ክፍል ብዛትና ስለ ሥልጠና ማጣት የጻፉት ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን እንደሆነ፣ በሦስት ወር ጨረስኩ ያለውም በሌሊት ጭምር እየሠራ እንደነበር ገለጸ። እዚህ ላይ 27ኛዋ የበዛባት ይመስለኛል። 29ኛው ምላሽ፣ አሁንም የአዛውንቱ፣ ሁለቱ ጥናቶች የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው ብሎ ነገሩን አበረደው። መምህራን ምን ይላሉ ለሚለው መጠይቅ ይሆናል፤ መምህራን ምን ያደርጋሉ ለሚለው ክፍል ገብቶ ማየት ነው፤ ይህ ልጅ ተማረ ወይ ለሚለው ልጁን መቁጠር ነው።

በዚያው ምላሽ ለገምጋሚዎቼ የሚሆን መልስም ሰጡኝ። ከአራት ልጅ ለሁሉም ልጆች የሚሆን ድምዳሜ አይወጣም የሚሉ ከሆነ ልክ ናቸው፤ ከአንድ ጥናት እንዲወጣም ማንም አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣና በዘርፉ በስፋት የሚሠራበት መመዘኛ አንድ ዘዴ በማስረጃ የተደገፈ እንዲባል ቢያንስ አምስት እንዲህ ያሉ ጥናቶች፣ በሦስት የተለያዩ ተመራማሪዎች፣ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ተሠርተው፣ ተሳታፊዎቹ ሲደመሩ ሃያ እንዲሞሉ ይጠይቃል። የእኔ ልጆች ከነዚያ ሃያዎች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው።

እናትየዋ በ30ኛው ምላሽ ተመለሰች። በረጅሙ አልጻፈችም። ጥናቱ ሲያልቅ ካርዶቹ ከማን ጋር ይቀራሉ? ልጁ ቤት ሲገባ ካርድ የሚቀበለው ሰው አለ ወይ? ተመራማሪዎች ልጁ የተማረውን በሌላ ቦታና ከሌላ ሰው ጋር ይጠቀምበታል ወይ ብለው የሚለኩት ነገር እንዳለ እኔ በትምህርት የማውቀው ነው፤ እሷ ግን ከቤቷ ነው ያመጣችው። በ31ኛው ምላሽ ለእሷ ብቻ ጻፍኩ። ካርዶቹ በሁለት ቅጂ ይሠራሉ፤ አንዱ ቤት ይሄዳል። እናቶች ሁለት ከሰዓት በኋላ መጥተው ከልጆቻቸው ጋር ይለማመዳሉ። ትምህርቱ ካበቃ ከአራት ሳምንት በኋላ ተመልሼ እቆጥራለሁ። ውጤቱንም ከገምጋሚዎቹ በፊት ለወላጆቹ፣ እያንዳንዱን ለብቻ፣ የልጁን ግራፍ ዘርግቼ አሳያለሁ። እኔ የትም ስለማልሄድ በር ላይ የሚጠብቀኝ ልጅ እንደማይኖር ጨመርኩ። እሷም ጥሩ ብላ በአንድ ቃል መለሰችልኝ ለማለት ብችል ደስ ባለኝ፤ ግን አልመለሰችም።

ፕሮፖዛሌን እንደገና ጽፌ አስገባሁ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ አሁንም ልቡ አልሞላም፤ ሌሎቹ ግን የንድፉን ሥዕል ካዩ በኋላ ቀጥዪ አሉኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወላጆቹን አነጋገረች፤ ወረቀቱ ለአንድ ሳምንት በቤታቸው ቆየ። ሦስቱ ፈቀዱ። አንዷ እናት እምቢ አለች። እሺ ትለኛለች ያልኳት እናት ናት።

ይህን በ32ኛው ምላሽ ላይ አሳወቅሁ። በ33ኛው 2ኛው ወጣት፣ ያው ቅን ልጅ፣ መጠባበቂያሽን አጥተሻል፣ ከሦስቱ አንዱ ቢታመም ጥናቱ ይበላሻል፣ እናትየዋን ራስሽ ብታነጋግሪያት ትሰማሻለች አለኝ።

አላነጋግራትም ብዬ መለስኩለት። ልጇ ካርዱን ሰኞ ጀምሯል። ከሌሎቹ ሦስት ልጆች ጋር ገና የመነሻ ቆጠራ ላይ ነን፤ የመጀመሪያው ልጅ ቁጥር ሦስት ቀን ረግቷል፣ ሁለት ቀን ይቀረዋል።